በሁለተኛው ግድግዳ ያለፈው ገመድ

በዚያ አገር፣ ክፍል የባለቤቱ ነው፤ ግድግዳ ግን የግድግዳ መሥሪያ ቤት ነው። ምክንያቱ በአዋጁ መግቢያ ላይ ተጽፏል፤ ግድግዳ ሁለት ክፍል ስለሚነካ ለአንድ ሰው ሊተው አይችልም ይላል። ሰው ቤት ሠርቶ ጣሪያውን እንደመታ ግድግዳዎቹን በፊርማ ያስረክባል፤ ክፍሎቹን ይዞ ይኖራል። ግድግዳ መደገፍ ይፈቀዳል። ሚስማሩ ከግማሽ ጣት ካልረዘመ ሥዕል መስቀልም ይፈቀዳል። መብሳት ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ተገኝቶም የቀዳዳ ምስክር ካልቆመ መሰርሰሪያ አይነሳም።

የቀዳዳ ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ከተማው ውስጥ ከእኔ ሌላ ምስክር አልነበረም፤ ሁለተኛ ሰው የሚያስቀጥር ሥራ ስላልነበረ። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ያየሁት ቀዳዳ ሃያ አይሞላም። ከእነዚያ ውስጥ እስካሁን ከነዝርዝሩ የማስታውሰው የእትዬ አሰገደች ቤት ነው። የምጽፈው ግማሹን በዓይኔ ያየሁትን፣ ግማሹን ደግሞ እሷ ከጊዜ በኋላ ቁጭ ብላ የነገረችኝን ነው።

እትዬ አሰገደች አንባቢ ነበረች። በዚያ አገር የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ሁሉ በሥራ ቀን አንድ ሰዓት የመረጠው ነገር እንዲነበብለት ሕግ ያዛል። የንባብ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ አድማጭ አንድ አንባቢ ይመድባል፤ አንባቢው እቤቱ ተቀምጦ፣ ማዳመጫ አድርጎ፣ በኢንተርኔት ያነባል። የአንባቢው ድምፅ በመሃል ከተቋረጠ በስሙ ይጻፍበታል። ሦስተኛው የተጻፈበት ቀን ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደግሞ አይመለስም። አሰገደች ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታነብ አንድም አልተጻፈባትም ነበር።

ባሏ ጋሽ ደምሰው ግንበኛ ነው። ቤቱን የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ ድንጋዩን ራሱ ፈልጦ፣ ራሱ ጠርቦ። ሦስት ክፍል በአንድ መስመር፦ ፊት ለፊት ሳሎኑ፣ መሃል ምግብ የሚበሉበት ክፍል፣ ከኋላ መኝታ ቤት። ከክፍል ወደ ክፍል የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ አንድ ክንድ ተኩል ነው። ቤቱን ያየ ሰው ሁሉ ምሽግ ነው የሠራኸው እንዴ ይለው ነበር፤ እሱም ደስ ይለው ነበር።

ታዲያ ሰውየው ታመመ። መጀመሪያ ወገቤን አለ። ቀጥሎ መጎንበስ አቃተው፤ ቀጥሎ መቆም። ሐኪሞቹ አከርካሪው ላይ የበቀለ ነገር እንዳለና እንደማይነካ ነገሯቸው። ስንት ጊዜ እንደቀረው ሲጠየቁ አንዱ ዓመት አለ፤ ሌላው ትከሻውን ነቀነቀ። ደምሰው ከኋላ ባለው መኝታ ቤት ተኛ።

አሰገደች ወዲያው ወንበሯንና መጻሕፍቷን አንስታ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ያን ዕለት ድምፅዋ ተቋረጠ። በሳምንቱ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተቋረጠ። ሁለት ተጻፈባት።

ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ሳጥን ሳሎን ውስጥ፣ ከመንገድ በሩ በላይ ነው የተሰቀለው። የሰቀለው የአየር መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰቅሎም በእርሳስ አሽጎታል፤ የሚያንቀሳቅሰው ይቀጣል። የሳጥኑ ዋይፋይ አንዱን ግድግዳ እንደምንም ቢያልፍ ሁለተኛው ላይ ያልቅበታል። አሰገደች ለአየር መሥሪያ ቤት አመለከተች። አንድ የተከበሩ አማካሪ መጡ፤ ግድግዳውን በጣታቸው መቱ፣ ጆሯቸውን አስጠጉበት፣ ከዚያም በዝግታ እንድታነብ መከሯት። በፍጥነት የተነገረ ቃል ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፤ ቀስ ብሎ የተነገረ ግን መንገድ ይፈልጋል አሏት። ሦስተኛ እንዳይጻፍባት በመጀመሪያ ሳሎን ሆና ለአንድ ቀን በዝግታ ለማንበብ ሞከረች። አድማጯ አቶ ተድላ፣

«ወይዘሮ አሰገደች፣ አሞሻል እንዴ?» አሏት።

ስለዚህ ሳሎኗ ውስጥ ቀረች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ለአምስት ሰው፣ ከሳጥኑ ሥር ተቀምጣ ታነባለች። ከመጀመሯ በፊት ለደምሰው መድኃኒቱን ትሰጠዋለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ ውሃና ትንሽ ደወል ከጎኑ ታስቀምጣለች። ስትወጣ በሩን እንድትዘጋው እሱ ራሱ ይነግራታል። ደወሉ በአምስት ወር አንድ ቀን አልተደወለም። ይተኛል ብላ ታስብ ነበር። ግን በየመሃሉ ሐሳቧ ወደ ኋላ ይሄድባት ነበር። «ዓመት ብለውኝ የለ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ከዓመቱ በቀን አምስት አምስት ሰዓት እየቆረስኩ ለሌላ ሰው እሰጥ ነበር።»

ገመድ ሳቢውን ያመጣችው ያኔ ነው።

ገመድ ሳቢው ዘርጋው ይባላል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ አየና በሜትር ለካ፤ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን መሰኪያ በፋኖስ መብራት አየ።

«ኬብል እዚህ ይሰካል» አለ። «ሳሎኑን በጣሪያው ጥግ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ግድግዳ ያልፋል። መሃለኛውን ክፍል እንዲሁ በጥግ። ሁለተኛውን ግድግዳ ያልፍና አልጋው ራስጌ ሶኬት ላይ ያርፋል። ሃያ ሁለት ሜትር። ሁለት ቀዳዳ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«በበር በኩል ቢያልፍስ?» አለችው።

«በበር የገባ ነገር ተመልሶ መውጣት አለበት ይላል አዋጁ። ገመድ ገብቶ ይቀራል።»

«ፈቃዱስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ዘርጋው ሜትሩን ጠቀለለ። «ገመዱን ነው የማውቀው፣ እትዬ።»

የግድግዳ መሥሪያ ቤት ራሱ ግድግዳ የለውም። ሲቋቋም ግድግዳ እንዲሠራለት ማመልከቻ ቀርቦ ነበር፤ ማመልከቻውን የሚያየው ክፍል ግን ገና ቢሮ ስላልነበረው ነገሩ እንዲሁ ቀረ። ስለዚህ በስድስት ምሰሶ ላይ በቆመ ቆርቆሮ ሥር እንሠራ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከየጎኑ ስለሚያስገባ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። አሰገደች በበጋ ነበር የመጣችው፤ ሹሙ ራሳቸው ተቀበሏት። ትሑት ሰው ነበሩ፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ቅጹን ሰጧት። ቅጹ በመጀመሪያው መስመር ላይ በቤቱ ውስጥ ቀድሞ የነበሩ ቀዳዳዎች ስንት ናቸው ይላል። አሰገደች «የለም» ብላ ጻፈች።

እንዳረጋግጥ ተላክሁ። ቤቱን ዞርኩና ሦስት በርና አራት መስኮት ቆጠርኩ። ሰባት ቀዳዳ ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ መጻፍ አልችልም ነበር። የአንዱም ፈቃድ መዝገብ ላይ የለም። ሹሙ ሪፖርቴን ሲያነቡ ፊታቸው ጠቆረ። ጉዳዩ ለሦስት ሳምንት ተመረመረ። እስኪወሰን ድረስ ቤተሰቡ በሮቹን የግድ ካልሆነ በቀር እንዳይጠቀምባቸው በደብዳቤ ተነገረ። ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። አሰገደች በሩ ላይ ቆማ አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ልግባ ወይስ እዚሁ ልቁም?» አለችኝ።

«ገብተሽ ዝጊው፣ እትዬ» አልኳት። «እኔ አላየሁም።»

በመጨረሻ ሰባቱ «በትዕግሥት የታለፉ ቀዳዳዎች» ተብለው ተመዘገቡ። የቀረው የገንቢው ፈቃድ ብቻ ነበር። ሕጉ ግድግዳን ያቆመው ሰው በሕይወት ካለ ለእያንዳንዱ ግድግዳ ይጠየቅ ይላል። ከሞተ ግን ማንም በእሱ ፈንታ ሊፈቅድ ስለማይችል ግድግዳው ለዘለዓለም አይበሳም። ሹሙ ይህን ለአሰገደች ሲነግሯት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እሷ ግን ቀለል አላት። ባሏ እምቢ ይላል ብላ አላሰበችማ።

ቅጹን ይዤ ከአልጋው ጎን ቆምኩ። አሰገደች ከግርጌ በኩል ተቀምጣ እግሩን ይዛለች። ደምሰው ገና ያኔ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ከወገቡ በታች ግን ብርድ ልብሱ ሥር ምንም ያለ አይመስልም።

«የመጀመሪያው ግድግዳ፣ በሳሎንና በመሃለኛው ክፍል መካከል ያለው» አልኩ። «እንዲበሳ ትፈቅዳለህ?»

«እፈቅዳለሁ።»

«ሁለተኛው፣ በመሃለኛው ክፍልና በዚህ ክፍል መካከል ያለው?»

ግድግዳውን አየ። አሰገደች እግሩን ነካ አደረገችው።

«እሱን አልፈቅድም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች።

«አልፈቅድም አልኩ። አንዱ ይበቃል። መሃለኛው ክፍል ተቀመጪ።»

«ደምሰው፣ እኔ እኮ መሃለኛው ክፍል ብዬ አይደለም ይህን ሁሉ—»

«ግድግዳዬን አላስበሳም!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

የተባለውን ጻፍኩ። ስወጣ አሰገደች በር ድረስ ሸኘችኝ። በኋላ እንደነገረችኝ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ ከእኔና ከድንጋይ ድንጋይ መረጠ ብላ ነው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ የተበሳው በአንድ ማክሰኞ ነው። ዘርጋው መሰርሰሪያውን ይዞ ሲገፋ ቤቱ ሁሉ ተንጫረረ፤ ድንጋዩ ብረት የማይበግረው ሰማያዊ ድንጋይ ነበር። ሁለት ጊዜ መሰርሰሪያው ተያዘበት፤ በመሮና በመዶሻ ጨረሰው። የወጣው አቧራ የግድግዳው አካል ስለሆነ ጠርጌ በፖስታ ከተትኩት፤ መሥሪያ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ቀዳዳው ደግሞ ከሁለቱም በኩል መታየት አለበት። ሳሎን ቆሜ ባይ የዘርጋው ዓይን ታየኝ። ዞሬ መሃለኛው ክፍል ሆኜ ባይ እሱም ዞሮ ነበርና ያው የዘርጋው ዓይን ታየኝ። «ቀዳዳው በሁለቱም በኩል አንድ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስ የሚል ነበር። ገመዱን ከመብራት መስመሩ አንድ ክንድ እያራቀ፣ ጥግ ላይ እንዳይሰበር ሰፋ አድርጎ እያዞረ በቱቦ ውስጥ ሳበው። ጫፉን ሲልጠው በውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ወጡ። ፈትቶ፣ በቀለማቸው አሰልፎ፣ እኩል ቆርጦ በፒንሳ ጨመቃቸው። መሞከሪያው ላይ ስምንት ትናንሽ መብራቶች በየተራ በሩ። መሃለኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ሰካላት።

«አንብቢ» አለ።

አሰገደች ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ሆና አነበበች፤ ድምፅዋ እንደ ውሃ ወረደ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዘርጋው ዕቃውን ሲሰበስብ ጀርባዋን ወደ ሁለተኛው ግድግዳ አዙራ ተቀምጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለአቶ ተድላ ታነባለች። አቶ ተድላ ሩቅ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የመረጡት መጽሐፍ ስለ ንብ አያያዝ የተጻፈ ባለ ስድስት መቶ ገጽ ነው። ንብ የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱ ትጠብቃቸዋለች። ያን ቀንም ሄዱ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ስለከበዳት አወለቀችው።

ያኔ ሰማች። መጀመሪያ ከመንገድ የመጣ መሰላት፤ የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ቆም ይላል፤ ደግሞ ይነሳል። ሳሎን በነበረችበት ጊዜ ሁለት ግድግዳና ሁለት በር ነበር በመካከል። አሁን አንድ ግድግዳና አንድ በር ነው። ተነሥታ ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች። ከዚያ ከፈተችው።

ደምሰው የትራሱን ጫፍ ነክሶ፣ ሁለት እጁን ወደ አልጋው ብረት ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጓራል። አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ገመድ አክለዋል። ዓይኑን ሲገልጥ አያት፤ ወዲያው ዝም አለ። ዝም ሲል ፊቱ እንደገና የምታውቀው ፊት ሆነ። እሷን ያስደነገጣት ይኸኛው ነው።

«ሰዓትሽ ሳይደርስ ለምን ተነሣሽ?» አላት።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«ምኑ?»

«ደምሰው!»

እጁን ከብረቱ ላይ አወረደ። «ከተኛሁ ጀምሮ ነው።»

«ደወሉስ? ደወል አስቀምጬልህ የለ?»

«ደወሉ ለውሃ ነው» አለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱ ጣሪያውን እያየ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ ነገራት። ጠዋት እሷ በሩን ዘግታ እንደወጣች ይጀምራል። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ የሚጮኸውን ጮኾ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ይችለዋል፤ ማታውንም ይችለዋል። ግድግዳውን ወፍራም አድርጎ በመሥራቱ ፈጣሪን ያመሰገነበት ጊዜ አለ።

«እኔ እኮ ለግድግዳው ሳስተህ መስሎኝ» አለች።

«ግድግዳውማ ድንጋይ ነው፤ ቢበሳ ምን ይሆናል?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ገመዱ ከገባ አንቺም ትገቢያለሽ። ያን ጊዜ የት ልጩህ?»

ከመሃለኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ ማዳመጫው ውስጥ አቶ ተድላ «ወይዘሮ አሰገደች፣ መጥቻለሁ» ሲሉ በቀጭኑ ይሰማል። ሄዳ አነበበችላቸው። ስለ ንግሥቲቱ እንቁላል አጣጣል ነበር ምዕራፉ፤ አንድም ቃል አልዘለለችም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ምሳውን ይዛለት ገባች፤ ሳህኑን ከማስቀመጧ በፊት ተናገረች።

«እዚሁ ትጮሃለህ» አለችው።

«የሚሰሙት ሰዎችስ? ሥራሽስ?»

«ማየት ያቃታቸው ናቸው እንጂ ሕመም የማያውቁ አይደሉም።»

«አሰገደች፣ እንዲህ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

«አይቼሃለሁ እኮ። አየሁህ፤ አለቀ።»

ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ምስክሩን ጥሪው አላት።

ይህን ለሹሙ ስነግራቸው አዘኑ። እምቢታው ተመዝግቧል። በአዋጁ መሠረት መከልከል ከቤት ሆኖ ይቻላል፤ የከለከሉትን መፍቀድ ግን ገንቢው በአካል ቀርቦ ነው።

«መነሣት አይችልም እኮ» አልኳቸው።

«የማይችል ሰው አይቅረብ የሚል ነገር አልተጻፈም» አሉኝ፤ ደግ ለመሆን ፈልገው።

ስለዚህ ከነአልጋው አመጣነው። ሦስት ጎረቤቶችና ዘርጋው ነበሩ የሚሸከሙት። አንዱ ጎረቤት መንገድ ላይ ወገቡን ያዘውና የራስጌውን ቀኝ እግር እኔ ተቀበልኩ። ደምሰው በየጉድጓዱ ጥርሱን ይነክሳል፤ አሰገደች ጎን ጎኑ ትሄዳለች። ክረምቱ መግባቱ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ቆርቆሮ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን ሰማዩ ተከፈተ።

ጸሐፊዎቹ መዝገባቸውን በደረታቸው አቅፈው ሮጡ። ሹሙ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ እኛ መጡ።

«ዝናብ ነው» አሉ። «መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው።»

ደምሰው ከአልጋው ላይ ቀና ሊል ሞከረ። «ጌታዬ፣ እኔ ሁለተኛ የምመጣ አይመስለኝም» አላቸው።

ሹሙ ቆመው አዩት። ጃንጥላቸውን አሰገደች እጅ ላይ አደረጉላትና እየረጠቡ ሄዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያውቁት ሕግ እስከዚያ ድረስ ነበር።

እኔ አልጋውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ብለቀው ይወድቃል። ያኔ ነው አንድ አንቀጽ ትዝ ያለኝ። መሥሪያ ቤቱ በዝናብ ሲበተን፣ መዝገብና ማኅተም እንዳይጠፋ፣ መሥሪያ ቤቱ ማለት በስፍራው የቀረው የመጨረሻው ሠራተኛ ነው ይላል። ከተጻፈ ጀምሮ ማንም ሠርቶበት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሁሉም ስለሚሮጥ። ግራና ቀኝ አየሁ። ከእኔ ሌላ ማንም የለም።

አልጋውን እንዲያስቀምጡ ነገርኳቸው። ኮቴን ቆለፍኩ።

«ጋሽ ደምሰው» አልኩ፣ ዝናቡ እንዳይውጠኝ ጮክ ብዬ። «ያቆምከው ሁለተኛ ግድግዳ እንዲበሳ ትፈቅዳለህ?»

«እፈቅዳለሁ!»

ቅጹን ከኪሴ ሳወጣ ረጥቦ ተበጫጨቀ። ከኪሴ የማይለየኝን የምስክር ማኅተም የሚይዝልኝ ደረቅ ነገር ፈለግሁ፤ ከጃንጥላው ሥር የቀረ ደረቅ ነገር የአልጋው ራስጌ እንጨት ብቻ ነበር። እሱ ላይ መታሁት። ደምሰው ከጭንቅላቱ በላይ ማኅተሙ ጧ ሲል ሰምቶ ሳቀ፤ እየሳቀ ሳለ ወዲያው አመመው።

በማግሥቱ ሹሙ መጥተው አልጋውን መረመሩ። ፈቃድ በወረቀት ይሁን የሚል ነገር ሕጉ ውስጥ አላገኙም። አልጋው ሰነድ ተብሎ በቁጥር ተመዘገበ፤ ከከተማው እንዳይወጣና እንዳይቀባ ታዘዘ። እኔ ደግሞ ማኅተም በእንጨት ላይ ስላሳረፍኩ ከዚያ ቀዳዳ በኋላ ከምስክርነት ተነሥቼ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር ተወሰነ። አልተከፋሁም፤ አልተደሰትኩምም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ሲበሳ ሥራውን የመራው ደምሰው ነው። ዘርጋው መሰርሰሪያውን ጣሪያው ጥግ ላይ ሲደግን፣

«እዚያ አይደለም» አለው ከአልጋው። «ወደ ቀኝ ና። አንድ ጣት ዝቅ። እዚያ ጋ ሁለቱ ድንጋዮች አልገጠሙልኝም ነበር፤ ሲመሽብኝ በጭቃ ሞልቼ አለፍኩት።»

ዘርጋው የተባለበት ላይ ያዘ። መሰርሰሪያው ሳይጮኽ ገባ። ደምሰው ምሽግ የተባለለት ግድግዳው እንዲያ ሲበሳ እያየ አፈረ መሰለኝ። «ይቅርታ፣ ወጣት ነበርኩ» አለ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅንም።

ገመዱ አልጋው ራስጌ ደረሰ። ዘርጋው ሶኬቱን ገጥሞ ሲሞክረው ሰባተኛው መብራት አልበራም። ቆርጦ ጣለው፤ እንደገና ላጠው፣ እንደገና አሰለፈው፣ ጨመቀው። ያን ጊዜ ስምንቱም በሩ። አሰገደች ወንበሯን ከመሃለኛው ክፍል አመጣች። ደምሰው ወንበሩ የሚቀመጥበትን ቦታ አየ፤ ከትራሱ አንድ ክንድ አይርቅም።

የመጀመሪያዋን ጠዋት ሙሉውን ሰዓት ቻለው። ላቡ ግንባሩ ላይ እየተንጠባጠበ ቻለው። በሁለተኛው ቀን፣ አቶ ተድላ ስለ ቀፎ ማጠን እየተነበበላቸው ሳለ፣ መቻል አቃተውና ጮኸ። አሰገደች ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቆመች።

«ማነው እሱ?» አሉ አቶ ተድላ።

«ባለቤቴ ነው» አለች። «ያመዋል።»

ደምሰው ትራሱን ሊነክስ ፊቱን አዞረ።

«እንግዲያው ቆዪው» አሉ አቶ ተድላ። «እኔ አልቸኩልም።»

«አንብቢላቸው» አለ ደምሰው እየተነፈሰ። «ጭሱ ምን እንደሚሆን አልነገርሽንም እኮ።»

በግራ እጇ እጁን ያዘች፤ በቀኟ ገጹን። አነበበች። እሱ ሲጮኽ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ሲበርድለት ዝቅ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ ኖሩ። ሦስተኛ አልተጻፈባትም፤ ሕጉ የሚቆጥረው የአንባቢው ድምፅ ሲቋረጥ ነው፤ የሌላ ሰው ድምፅ ሲጨመር ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም። ከአድማጮቹ አንዲቷ ሴት ሌላ አንባቢ ጠየቀች። አራቱ ከእሷ ጋር ቆዩ። አቶ ተድላ ምዕራፍ ሳይጀመር በፊት «ጋሽ ደምሰው እንዴት አደሩ?» ማለት ጀመሩ፤ እሱም እንደ አዳሩ ይመልስላቸዋል። አንዳንድ ቀን ስለ ንብ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ንብ የላቸውም።

አራት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ሐሙስ ዕለት፣ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ መጽሐፉ ሊያልቅ ሃያ ገጽ ሲቀረው፣ አሰገደች ስለ መንጋ አነሣስ እያነበበች ነበር። ያን ጠዋት ደምሰው አልጮኸም። ሲተነፍስ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ፉጨት ነበረችው፤ እሷም አቶ ተድላም ለምደዋታል። በአንድ ዓረፍተ ነገርና በሚቀጥለው መካከል ፉጨቷ አልተመለሰችም። የሚቀጥለውን አነበበች። እጁን ጨበጥ አደረገችው፤ መልሶ አልጨበጣትም።

መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አቶ ተድላ» አለች፣ «ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም።»

አቶ ተድላ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። መስመሩንም አልዘጉም። ጎረቤት እስኪመጣ፣ አሰገደች ተነሥታ በሩን እስክትከፍት፣ ሰው ክፍሉን እስኪሞላው ድረስ፣ በሩቅ ከተማ ያሉት ሽማግሌ ማዳመጫቸውን እንዳደረጉ ቁጭ ብለው ነበር።